የክፍል ሁለት ትራሶች

ይድረስ እንደ እናት ላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ዶሮዎቹስ ዕንቁላል መጣል ጀመሩ ወይስ አሁንም በነፃ እየበሉ ነው? እኔ ወገቤ አልፎ አልፎ ከሚያኮርፈኝ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትልቋ ስልኳ ላይ እንደተተከለች ትውላለች፣ ትንሹ ይበላል፣ ያድጋል፤ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ይህን ደብዳቤ ጎረቤትሽ አስተማሪዋ እንደሚያነቡልሽ አውቃለሁ። እትዬ አስተማሪ፣ እርስዎም እንደምን ከረሙ? ጡረታ ቢወጡም እስክሪብቶው ከእጅዎ እንዳልወጣ ሰምቻለሁና፣ አደራ፣ ስሕተቴን እያረሙ አያቋርጡኝ። እኔ የስድስተኛ ክፍል ሰው ነኝ። እንዳለ ያንብቡልኝ።

እታለም፣ ባለፈው ስመጣ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ሻይ ልትቀጂልኝ ብለሽ ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ቀዳሽውና ብርጭቆውን ሰደብሽው። አጥሩ ላይ የተሰጣውን ካፖርት እንዴት ዋሉ ጋሼ አልሽው፤ ዝም ሲልሽ ኩራተኛ ብለሽ ገባሽ። እዚያ ሳቅሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ግን አለቀስኩ። የዓይን ሞራ መሆኑን ያላወቀ የለም። ሐኪም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እንደሚያወጣልሽም ስንት ጊዜ ነገርንሽ። አንቺ ጠዋት ጠዋት ዓይንሽን በቅጠል ውኃ እያጠብሽ፣ ሐኪም ቤት ከምረግጥ ብታወር ይሻለኛል አልሽን።

ምክንያትሽን አውቃለሁ፤ አብሬሽ ነበርኩ። የዛሬ ሰባት ዓመት ያ የጤና ጣቢያ ሐኪም፣ አበባ አፍልተሽ የምትሠሪውን ዘይት ብልቃጥ ወደ ላይ አንሥቶ፣ ተራ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት፣ እማማ ይሄ ሰላጣ ላይ ነው የሚፈሰው ብሎ ጠየቀሽ። ሰዉ ሲያውካካ ብልቃጥሽን ከእጁ ነጥቀሽ እንደወጣሽ ቀረሽ። እኔም እስከ ዛሬ ተቀይሜልሻለሁ። ስለዚህ ልከራከርሽ አልጻፍኩም። ያው ብልቃጥሽ እዚህ ምን ጉድ እንዳፈላ ላውራሽ ብዬ ነው።

መቼም የኔን ሥራ ታውቂዋለሽ፣ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ አጥቤያለሁ፤ የዚህን ከተማ ሰው ፊቱን ሳላይ በአንሶላው አውቀዋለሁ ብል አልዋሸሁም። የምንነክርበት በረኪና ደሞ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ነገ ሆዷ የሚቀደድ ሴት፣ ፍርሃቱ ሳያንሳት፣ ራሷን እዚያ በረኪና ላይ አስደግፋ ተኚ ትባላለች። እንዴት ትተኛለች? አንድ ቀን የሴቶቹን የቀዶ ሕክምና ክፍል የትራስ ልብስ ስተኩስ፣ አንቺ የላክሽልኝን የሐምራዊዋን አበባ ዘይት በጥጥ አድርጌ በየጠርዙ ሁለት ሁለት ጠብታ ነካ አደረግሁበት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ማንን እንደሚያስፈቅዱ ራሱ አላውቅም ነበር።

ከዚያማ ምኑን ልንገርሽ። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኗን ሳትከድን ደወል ስታንጫርር የከረመች አንዲት ትኬት ቆራጭ እንቅልፍ ጣላት፤ ያውም የጎኗ ሴቶች ኧረ መልሳችሁ ቀስቅሱልን እስኪሉ ድረስ እያንኮራፋች። በሳምንቱ «የሚሸተው ትራስ» የሚባል ነገር ተወለደ። ሴቶቹ ገና ሲገቡ ማን ቀዶ እንደሚያክማቸው ሳይሆን ትራሱ ደርሷቸው እንደሆነ ይጠይቁ ጀመር። አንዳንዷም ስትወጣ በቦርሳዋ ሸጉጣ ትሄዳለች። አሥራ አንድ የትራስ ልብስ ጠፋ ተብሎ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ምድር ቀውጢ አደረገ። ሲጣራ ስድስቱ የተገኙት ነርሶቹ ቤት ነው።

በዚህ መሀል ነገሩ ዋናው ቀዶ ሐኪም ጆሮ ገባ። ቁመቱ ቀጥ፣ ንግግሩ ቀጥ፣ ሲቀመጥ እንኳ የማይታጠፍ ሰው ስለሆነ እኛ በሌለበት ማስመሪያው ነው የምንለው። መጣ፣ አንዱን ትራስ አንሥቶ አሸተተ፣ አነጠሰ፤ ከዚያ ይሄ ሆስፒታል ነው ወይስ የውበት ሳሎን አለ። ላብ አጠመቀኝ። ያ የሰላጣው ነገር ሊደገም ነው አልኩ በልቤ። ዋናዋ ሲስተር ግን የምትፈራው ሰው ገና አልተወለደም፤ የደወል መዝገቧን ከፍታ አፍንጫው ሥር ዘረጋችለት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በፍርሃት የሚጠሩን ሴቶች በግማሽ ቀንሰዋል፣ ዶክተር አለችው። እሱ ደሞ አይቶ አይቶ፣ ምናልባት ደወሉ ተበላሽቶ ይሆናል አላለም? ሄዶ ራሱ ተጫነው። ሦስት ነርሶች ሮጠው መጡ።

በዚህ ጊዜ እንግዲያው በሙከራ ይለይ ተባለ። ሴቶቹ ተጠይቀው እሺ አሉ፤ ክፍል አንድ የሚሸት ትራስ፣ ክፍል ሁለት ባዶውን፣ ለሁለት ሳምንት። በየጠዋቱ ነርሶች እየዞሩ ፍርሃትሽ ከአሥር ስንት ነው፣ እንቅልፍሽስ፣ ሕመምሽስ እያሉ ይጽፋሉ። ማስመሪያው እኔን ለብቻ ጠራኝ። ሲቆጣም በእርስዎ ነው የሚቆጣው። የእርስዎ ሥራ አንድ ነው፣ ክፍል ሁለት አንዲት ጠብታ እንዳይገባ አለኝ። እሺ ዶክተር አልኩ። እምልልሻለሁ፣ እሺ ስል ከልቤ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ቻልኩ። በሁለተኛው ቀን ክፍል ሁለት አንሶላ ላደርስ ስገባ፣ ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር የተገኘባት አንዲት ልብስ ሰፊ እጄን ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ እህቴ እነዚያ ማዶ ያሉት በምን በልጠውኝ ነው፣ ሐኪሙ ዘመዳቸው ነው እንዴ አለችኝ። ሙከራ ነው አልኳት። ታዲያ እኔን ለምን አትሞክሩኝም አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ሁለት ጠብታ፣ ለእሷ ብቻ አልኩ። ከጎኗ የተኛችው ግን አፍንጫ አላት። የዚያችኛዋ ጎረቤትም አላት። ለአንዷ ሰጥቼ ሌላዋን ብነሳ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? በአራተኛው ቀን ክፍል ሁለት ከክፍል አንድ ይበልጥ ይሸት ነበር፤ ስለዘገየሁባቸው ካሳ ብዬ ሦስት ሦስት አድርጌላቸው ነበራ! ማስመሪያው በጭንብል ስለሚዞር አልሸተተውም። ነርሶቹ ሸቷቸዋል፤ ግን ስድስት የትራስ ልብስ ቤቱ የተገኘበት ሰው አፉን ቢከፍት አያምርበትም።

ሁለቱ ሳምንት አለቀና ማስመሪያው ሁላችንን ሰብስቦ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ሠራ። ሁለቱ መስመሮች እንደ መንታ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። ልዩነት የለም፣ ዘይቱ ምንም አይሠራም፣ ነገሩ ተዘግቷል አለ። ብልቃጥሽንም ትጣል ብሎ ለጽዳት ሠራተኛዋ አቀበላት። እታለም፣ ምን ላድርግ? ዝም ብል እንጀራዬ ይተርፋል፤ አንቺ ግን በሌለሽበት ሁለተኛ ተሳቀብሽ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ነው ዓይንሽን ሐኪም ይየው የምልሽ? ብናገር ደሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከሰሌዳው ጋር መጥፋቱ ነው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ተነሣሁ። ዶክተር፣ መስመሮቹ የተመሳሰሉት እኔ ስላመሳሰልኳቸው ነው አልኩት። እንዴት አለኝ። ክፍል ሁለትንም ነካክቻለሁ አልኩ። ስንቱን ትራስ አለ። ሁሉንም አልኩ። ለምን አለ። ጠየቁኛ አልኩት። ከኋላ አንዷ ነርስ ሳቋን ሳል ልታስመስል ስትታገል ይሰማል። ማስመሪያው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ፣ ደግሞ አውልቆ ጠረገ። በመጨረሻ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ በስንፍና የተበላሸ ሙከራ አይቻለሁ፣ በውሸት የተበላሸም አይቻለሁ፣ በርኅራኄ የተበላሸ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው አለ።

አላባረረኝም። ማኅተም ያለበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን ሰጠኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሆስፒታሉ ስሜን ሳይሳሳት ሲጽፍ የመጀመሪያው ስለሆነ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ሙከራው እንደገና ተጀመረ። በዚህኛው ጊዜ የክፍል ሁለት ትራስ ለንብረት ክፍሉ ሰውዬ ተሰጠ፤ እሱ የወለደችው እናቱ ብትለምነው ጠብታ አይሰጥም። እኔ በዚያ ኮሪደር ዝር እንዳልል ተከለከልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንሶላ ስተኩስ ስለ ክፍል ሁለት ሴቶች ሳዝን ከረምኩ።

ውጤቱን ልንገርሽ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ክፍል አንድ የተኙት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፍርሃታቸው ቀንሷል። እንቅልፋቸውም ትንሽ ሻል ብሏል። ሕመማቸው ያው ነው። ቁስላቸውም አንድ ቀን ቀድሞ አልዳነም። ማስመሪያው ይሄን ሲናገር ትንሽ አነጠሰና፣ ይሄ ዘይት የእኔን ቢላ አይተካም፣ ነገር ግን ቢላዬ ሥር የምትመጣው ሴትዮ እየተንቀጠቀጠች ባትመጣ እመርጣለሁ አለ። ከዚያ ደንብ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ታካሚዋ ከፈቀደች ብቻ፤ ሁለት ጠብታ፣ ሦስት አይደለም (እዚህ ላይ እኔን አየኝ)፤ አስም ላለባት አይሆንም፤ አይጠጣም፤ ቁስል ላይ አይደረግም፤ ዘይቱም ሆነ የቅጠሉ ውኃ ዓይን ውስጥ አይገባም። እትዬ አስተማሪ፣ ይህችን የመጨረሻዋን እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቧት።

የሰላጣውንም ነገር ለማስመሪያው ነገርኩት፣ እታለም። አትቆጪኝ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ ያኔ እኔም እዚያ ብሆን ሳልስቅ አልቀርም ነበር አለኝ። ሰውዬው መዋሸት አይችልም፣ ምን ታደርጊዋለሽ። ቀጠለና፣ እህትዎ ይምጡ፣ አሁን አልስቅም አለኝ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልምጣ። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ዘይቱ በደንቡ መሠረት መዝገብ ውስጥ የሚገባው ሠሪዋ ራሷ ቀርባ ምን አበባ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚፈላ፣ ምን እንደሚጨመርበት ተናግራ ስትፈርም ነው ብሏል። በሰው እጅ አይሆንም፤ እኔ ልፈርም ብዬው ማስጠንቀቂያዬን አስታወሰኝ። ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ሰኞ መጥተሽ እኔ ጋ ታድሪያለሽ።

ፊርማው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ቢሮዎቹ ስለሞሉ ለዕለቱ የዓይን ክፍሉን ተውሰናል። የዓይን ሐኪሟም ትኖራለች፤ ምስክር ያስፈልጋል ስለተባለ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። እጇ እንደ ሕፃን እጅ ለስላሳ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ ነይ፤ እዚህ ቤት ፊርማ በባዶ ሆድ ነው። የምትፈርሚበት ቦታ ጎልቶ እንዲታይሽ አንዳንድ ጠብታ ያደርጉልሻል፤ እንዳትደነግጪ። ወረቀቱ ሁለት ነው። አንደኛው የዘይቱ ነው። ሁለተኛውን ሐኪሟ ቁጭ ብላ ታስረዳሻለች፤ ካልፈለግሽው አትፈርሚውም፣ የዘይትሽን ብቻ ፈርመሽ እጅሽን ይዤ ወደ ቤት እመልስሻለሁ፣ ማንም አያስገድድሽም። የምትቀይሪው ልብስ ያዢ። ሰው ከፈረመ በኋላ ለጥቂት ቀን ጎንበስ ማለትና ዓይን ማሸት አይፈቀድለትም፣ ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ስለዚህ ዶሮዎቹን ለእትዬ አስተማሪ አደራ ስጪ። እትዬ፣ እዚህ ላይ ድምፅዎ እንዳይለወጥብኝ።

እታለም፣ ፈጣሪ መንገድሽን ቀና ያድርገው፣ ጉልበትሽን ያበርታው፣ በሰላም ያገናኘን። ከአውቶቡሱ ስትወርጂ በሩ ላይ ቆሜ እጠራሻለሁ፤ በድምፄ ታውቂኛለሽ። ስትመለሺ ግን ፀጉሬ ምን ያህል እንደሸበተ አይተሽ ብትስቂብኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ከአንሶላ ክምር መሀል የምትናፍቅሽ
ታናሽ እህትሽ