የተዘጋ በር ለማያንኳኳው ጥናት

ለክቡር የጥቃቅንና አነስተኛ ንግድ ምቹነት መለኪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ለቢሮዎም መብራት የማይጠፋበት፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ የሚደርስበት ዘመን እንዲሆንለት እመኛለሁ። እኔ የዳቦ ጋጋሪዋ ባል ነኝ፤ እስከ አምና ዳቦ ጋጋሪ የነበረችው ማለቴ ነው። ሰፈራችን ለአነስተኛ ነጋዴ በመመቸት ከከተማው አንደኛ መውጣቱን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አንብቤ፣ ደስታውን ብቻዬን መቻል ስላቃተኝ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገደድሁ።

፩. ባለቤቴ ለዚሁ ደረጃ ነጋዴውን በየሱቁ የሚጠይቀው አጥኚዎ እንደሚመጣ ከሰማች ጀምሮ የምትለውን ስታዘጋጅ ሰነበተች። ብዙም አልነበረም፤ መብራቱ ይጥፋ፣ ግን የሚጠፋበትን ሰዓት አስቀድመው ቢነግሩን ሊጥ አላቦካም ነበር የሚል ብቻ ነው። የቦካ ሊጥ መብራት እስኪመጣ አይታገስም፤ ይኮመጥጥና ይደፋል። እኔን በአጥኚው ቦታ አስቀምጣ ደጋግማ ተለማመደችው። እሱ በመጣበት ዕለት ግን ሊጡ ተበላሽቶባት፣ ሱቁን ዘግታ ዱቄት ፍለጋ ወጥታ ነበር።

፪. በመመሪያዎ መሠረት የተዘጋ በር በቀጣዩ በር ይተካል። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ጀኔሬተር አከራዩ ነው። የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ለሥራው ምን ያህል እንደሚመች ሲጠየቅ፣ እጅግ በጣም ይመቻል ብሎ መለሰ። ሰውዬው አልዋሸም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ እኛን ሲያይ አንገቱን የሚደፋ ጨዋ ነው። በእሱ ጀኔሬተር ለመጋገር ሞክረን፣ ኪራዩ ዳቦውን ከነትርፉ ውጦብን ትተነዋል።

፫. የመብራቱ መሥሪያ ቤት በዚሁ ውጤት ተደግፎ፣ ለእኛ ታስቦ የነበረውን የመስመር ጥገና ችግር አለበት ወደተባለ ሰፈር አዛወረው። ለዚህ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ባለቤቴ መጋገሪያዋን ለቁራሌው ሸጣ አሁን ምግብ ቤት ሰሐን ታጥባለች። ያንገበገባት ግን መጋገሪያው አይመስለኝም፤ ማንም ሳይጠይቃት መቅረቱ ነው። ቤት ውስጥ ዕቃ ስታነሳ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያታለሁ፤ ያንኑ መልስ ትለማመዳለች። አንጀቴን ትበላዋለች፣ ክቡር ሆይ።

ስለዚህ ከውጤቱ ላይ አንዲት ነጥብ ይቀነስ አልልም፤ የደከማችሁበት ነው። የምለምነው አንድ ሰው ቤታችን ድረስ ልከው ያንን ጥያቄ እንዲያስጠይቁልኝ ነው። መልሷን ባይጽፈውም ግድ የለኝም፤ ብቻ እስክትጨርስ ይስማት።

እንዲህ ላለ ማዕረግ ያበቃን ትጋትዎ አይለየን እያልሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የአንደኛው ሰፈር ነዋሪ፣
የቀድሞዋ ዳቦ ጋጋሪ ባል

ማስታወሻ፦ ጀኔሬተር አከራዩም ተከራይ አጥቶ ባለፈው ወር ዘግቷል። አጥኚዎ በከንቱ እንዳይንከራተት ቀጣዩን በር ልጠቁም፤ ጓጉንቸር ሻጩ ነው። ሱቅ በተዘጋ ቁጥር ስለሚሸጥ ገበያው ደርቶለታል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አንደኛ እንደምንወጣ አልጠራጠርም።