የበቆጂው ወንበር

ሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሰላ

ትናንት በቆጂ ሄጄ ታላቅ ወንድሜን ሐጂ ቃሲምን ገና በምለማመድበት ትልቅ የፊልም ካሜራ ላነሣቸው ሞከርሁ። ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚደረግ ሕክምና እንደሌለ ነግሮናል። የቀረኝም አንድ ፎቶ ብቻ የሚወጣው አንድ ፊልም ነበር።

ክፍሉ ጨለም ስለሚል ሌንሱ ጥቂት ሰከንዶች ተከፍቶ መቆየት ነበረበት። «ሐጂ፣ እባክዎ አይንቀሳቀሱ» ብዬ ለመንኋቸው።

«ክቡር ዳኛ፣ በዚህ ጉልበቴ ወዴት እሸሻለሁ?» ብለው በዳኝነቴ እየቀለዱ ሳቁ።

ሌንሱን እንደ ከፈትሁ ጎረቤታቸው ሼህ አማን «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው ገቡ። ወንድሜ ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ አሉ። እኔም ሌንሱን መዝጋት ሲገባኝ ዞሬ እጅ ነሣሁ።

«ምነው ሐጂ?» አልኋቸው።

«ታዲያ ሰው ሲገባ ተቀምጬ ልቀበል?»

ዛሬ ፊልሙን አጠብሁት። ወንበሩ እስከ ሚስማሩ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ወንድሜ ግን ጭጋግ ናቸው። አዲስ አበባ ደውዬ ሌላ ፊልም ብጠይቅ ሳምንታት ይፈጃል አሉኝ። ሳምንታቱን ከማን ልለምን?

አመሻሽ ላይ ልጃቸው ከበቆጂ ደወለች። ሼህ አማን ዛሬም ሊጠይቋቸው ሲገቡ ሐጂ መቆም አቅቷቸው፣ እንደ ተቀመጡ ይቅርታ ለመኑ አለችኝ።

ትናንት አይንቀሳቀሱ ያልኋቸው እኔ ነበርሁ።