የነጠላ ሰው ድንኳን

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገቤን ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይስ አሁንም እነዚያን አዛውንት ስታነሺና ስታስተኚ ትውያለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጅሽስ፣ ያቺ ጨዋታ አዋቂ ጎረቤትሽስ ደህና ናቸው? ብርዱ ለቀቃችሁ ወይስ እንደያዛችሁ ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባም ደህና ነው። በጠዋት ተነስቶ በረንዳውን ይጠርጋል፣ ስኳሩን ይለካል፣ ከዚያ ጋዜጣ አንብቢልኝ ይለኛል። አንብቤ ስጨርስ ለዚህ ነው እንዴ ስንት ዓመት ዓይኔን ያደከምኩት ይላል። እኔም ከስፌት መኪናዬ ጋር እየተጨቃጨቅኩ አለሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ አባባ ሳፋሪው ላይ ምን ምን አየ፣ ደስ አለው ወይ፣ እሱ ያለበት ፎቶ ለምን አልደረሰኝም ብለሽ ጠይቀሻል። ታላቅ ወንድማችን ዓይኑን በጨው አጥቦ የድንኳኑንና የፊኛውን ፎቶ ልኮልሽ፣ ለአባባ ብለን ያደረግነው ጉዞ ብሎ እንደጻፈልሽ ሳነብ አንጀቴ ቅጥል አለ። እህቴ፣ አባባ ያለበት ፎቶ ያልደረሰሽ አባባ ከእነሱ ጋር ስላልሄደ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሐሳቡ ሲጀመር ክፉ አልነበረም። ሐኪሙ ስኳሩ ዓይኑን እየጎዳው ነው፣ ማየት የሚፈልገው ነገር ካለ ዘንድሮ ይየው ባለን ሰሞን አባባን ምን ማየት ትፈልጋለህ አልነው። ዕድሜውን ሙሉ በጥበቃነት ያገለገለበትን ፓርክ፣ ወንዙ ዳር ያለውን ትልቁን ሾላ አንዴ ባየው አለ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ሚኒባስ ተከራይቶ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ በጥበቃዎቹ ማረፊያ አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ ነበር። አንቺም ያን ገንዘብ ከጉሮሮሽ ነጥለሽ የላክሽው ለዚህ ነው። ግን ወንድማችንን ታውቂዋለሽ፣ ሊቀመንበር ካልሆነ ውሃ አይጠጣም። የእማማ የመቃብር ድንጋይ ሲሠራ እንኳ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። አሁንም ኮሚቴ ተቋቋመ። እሱ ሊቀመንበር፣ ባንክ የሚሠራው ወንድማችን ገንዘብ ያዥ፣ እኔ ደግሞ ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ። የሊቀመንበሩ ሚስት፣ እኔ እሜቴ የምላት፣ ሹመት አልተሰጣትም። አያስፈልጋትም፤ ሊቀመንበሩ እጁን የሚያነሳው እሷ ቅንድቧን ካነሳች በኋላ ነው።

የተሰበሰብነው እነሱ ሳሎን ነው። ሴራሚክ አስመጪ ከሆነ ወዲህ ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ያብረቀርቃል፤ አዲስ እንግዳ ሲገባ በስህተት መታጠቢያ ቤት የገባ ይመስለዋል። ገና የሚኒባሱን ኪራይ ጽፌ ሳልጨርስ እሜቴ ስልኳን አወጣች። የጎረቤቷ የኮንትራክተሩ ሚስት ቅንጡ በሚባል ሎጅ ውስጥ፣ ሰው አሳፍሮ በሚበር ትልቅ ፊኛ ላይ ተንጠልጥላ ስትስቅ የተነሳችው ፎቶ ነው። እሜቴ ፎቶውን እያየች እኛ ከማን እናንሳለን አለች። በቃ፣ የአባባ ሾላ እዚያው ሳሎን ውስጥ ተቆረጠ።

በሚቀጥለው ሳምንት የጉዞ ወኪል የሚሉት ሰውዬ መጣ፣ ሽቶው ቀድሞት ገባ። እኛ የምንሸጠው እንስሳ አይደለም፣ ስሜት ነው አለ። ወንድሞችሽ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። ፀሐይ ስትጠልቅ መጠጥ ይዞ ቁጭ ማለት የራሱ ዋጋ አለው። ሣር ላይ ቁርስ መብላት የራሱ ዋጋ አለው። ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ሥር፣ ገንዳ ውስጥ መታጠብ ደግሞ ልዩ ዋጋ አለው። አባባ ከጥግ ተቀምጦ በጥሞና ሲያዳምጥ ቆየና፣ ልጄ፣ እኛ ሜዳ ላይ እንታጠብ የነበረው እኮ ቤት ስላልነበረን ነው፣ ደሞዛችን ላይ ሊጨመርልን ይገባ ነበር ማለት ነው ብሎ ጠየቀው። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሊቀመንበሩ አባባ ቀልደኛ ነው ብሎ ወኪሉን ይቅርታ ጠየቀው። አባባ ግን አልቀለደም፣ እውነቱን ነው።

ይሁን እንጂ አባባ ልቡ ተነሳስቶ ነበር። እኔ ነኝ ያየሁት። ሳጥኑን ከፍቶ የድሮ ኮፍያውን አወጣ፣ ቦት ጫማውን ሦስት ቀን ሙሉ ወለወለ። ያንን ካኪ ኮቱን ደግሞ እሜቴ ጠየቀችው። የድሮ አዳኝ የሚመስል ልብስ ያስፈልገናል ብላ፣ በዚያ ልክ ለአራት ሰው እንድሰፋ አዘዘችኝ። አዎ፣ የአባባን ኮት ዘረጋሁት፣ ለካሁት፣ ቅዱን ገለበጥኩት። የሠራሁበትን የምትከፍለኝ መስሎሽ ከሆነ ገና አላወቅሻትም። ለቤተሰብ አይደል እንዴ አለችኝ።

በጀቱ በየስብሰባው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። በመጨረሻ ገንዘብ ያዡ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ጓዶች መቀነስ አለብን አለ። መቀነስ ማለት ደግሞ በእነሱ ቤት እጅ ማውጣት ነው። ፊኛው ይቅር? ፎቶው የሚያምረው ከፊኛው ነው፣ ይቆይ። ፎቶ አንሺው ይቅር? ታዲያ ማን ያየናል፣ ይቆይ። የግል ጂፑ ይቅር? ከማናውቀው ሰው ጋር ልንጋፋ ነው ወይ፣ ይቆይ። የጉርሻው ነገር ሲነሳ ወኪሉ ለበር ጥበቃው፣ ለአስተናጋጁ፣ ለሾፌሩ በየስማቸው በፖስታ አዘጋጅታችሁ ብትሄዱ ያስከብራችኋል ብሎ ስለነበር እሜቴ ጽጌረዳ የታተመበት ፖስታ ገዝታ በዚያ በተቆለመመ እጅ ጽሕፈቷ ለጥበቃ፣ ለአስተናጋጅ እያለች ጻፈች። ውስጡ የሚገባው ግን ተቀነሰ። ማን ያየዋል፣ ዋናው ፖስታው ነው አለች።

ያም ሆኖ አልበቃም። ያኔ ነው ወኪሉ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ነጠላ ሰው ድንኳን ያነሳው። ለካ ድንኳኖቹ ሁሉ ለጥንድ ናቸው። ሊቀመንበሩ ከእሜቴ ጋር፣ ገንዘብ ያዡ ከእጮኛው ጋር። ብቻውን የሚያድር ሰው ግን የሁለት ሰው ይከፍላል። አየሽ፣ አባባ ሚስት ስለሞተችበት ተጨማሪ ክፍያ አለበት ማለት ነው። እኔ ገና ከመጀመሪያው የስፌት ሥራ አለብኝ ብዬ ራሴን ስላወጣሁ አብሬው ላድር አልችልም፣ ወንድሞችሽ አባታቸውን ይዘው ይደሩ ብል የገንዘብ ያዡ እጮኛ አኮረፈች፣ እሜቴ አባባ ያንኮራፋል አለች። አንበሳ ሲያገሳ ሰምቶ ለማደር የሚከፍል ሰው የአባቱን ማንኮራፋት አልችልም ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እንደተለመደው እጅ ወጣ። የእኔ አንድ እጅ ምን ይፈይዳል። ጸሐፊ ነሽና ጻፊ ተባልኩ። ለአባባ የሚደረገው ጉዞ ያለ አባባ እንዲሆን በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ ብዬ እንዳለ ጻፍኩት። ሊቀመንበሩ አነበበው፣ ሳያፍር ፈረመበት።

አባባን የነገረው ራሱ ነው። ሙቀቱ አይስማማህም፣ ቪዲዮ እናመጣልሃለን አለው። አባባ እሺ ልጄ አለና ኮፍያውን ከራሱ አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለው። የአንቺን መዋጮ መልሱላት ብል ገንዘብ ያዡ ቅድሚያ ከፍለንበታል፣ አይመለስም አለኝ። የአንቺን ላብ ፊኛ አድርገው ነፉት በይው።

እንግዲህ ደሜ ፈላ። የጉዞ ፕሮግራሙን በራሴ እጅ ስለገለበጥኩት በየትኛው ቀን በየትኛው በር እንደሚያልፉ አውቃለሁ። ቀኑን ሆን ብዬ መረጥኩና አባባን ተነስ፣ ሾላህን እንይ አልኩት። ስለ ቀኑ ምንም አልነገርኩትም። እዚያው በሩ ላይ ፊት ለፊት አጋጥሜ ላዋርዳቸው፣ የምላቸውን ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር። በሕዝብ ሚኒባስ ሄድን። አባባ ያንኑ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ መንገዱን ሙሉ ሾፌሩን እዚህ ጋ ቀስ በል፣ እዚያ ጋ ጉድጓድ አለ እያለ አስመረረው። ጉድጓዶቹ ሁሉ በነበሩበት ነበሩ።

ተረኛዋ ጥበቃ ወጣት ሴት ነች። አባባ እዚህ በር ላይ ስንት ዘመን እንደቆመ ሲነግራት እጅ ነስታ፣ አባቴ፣ ቀጣዩን መኪና እርስዎ ያሳልፉልኝ ብላ ከኬላው እንጨት ጋር አቆመችው። ደስታውን ብታዪው! ጀርባው ቀና አለ። እኔ ጥላው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አቧራ ሲነሳ አየሁና ያዘጋጀሁትን ቃል በልቤ ደገምኩት።

የእነሱ ጂፕ ነበር። ሊቀመንበሩ በጣሪያው በኩል ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ወደ ምድር እያዞረ ይቀርጻል፤ ያን ሳቁን ይስቃል። እሜቴ በሻሽና በጥቁር መነጽር ተጀቡና ውስጥ አለች። አባባ ፊት ለመለየት ይቸገራል እንጂ የልጁን ሳቅ የት ያጣዋል። እንጨቱን እንዳነሳ አፉን ሊጠራው ከፈተ። በዚህ መሃል ከመስኮቱ እጅ ወጣና ጽጌረዳ ያለበት ፖስታ መዳፉ ላይ ተቀመጠለት። ማንም ፊቱን አላየም። አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ኮት ለብሰው ተላለፉ። እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ ስል አባባ በግራ እጁ ተቀመጪ አለኝ። በቀኝ እጁ ድሮ ለመኪና ሁሉ እንደሚሰጠው ሰላምታ ሰጣቸው፣ አቧራው እስኪውጣቸው ድረስ እጁን አላወረደም። ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ይዤ መልሼ ተቀመጥኩ።

የሁለታችን የመግቢያ ክፍያ ከእነሱ ሎጅ የአንድ ብርጭቆ ጭማቂ ዋጋ ያነሰ ነው። ጥበቃዋ ለኬላው ውሃ በሚያመላልሰው መኪና ላይ አሳፈረችንና ወንዙ ዳር ወረድን። ሾላው አለ። አባባ ግንዱን ዳብሶ ሸምግሏል አለ። ጎሾች ወርደው ውሃ ሲጠጡ ዓይኑን ሳይነቅል አያቸው። ስንት ሆኑ፣ ግልገሎቹ ጠጡ ወይ እያለ የራቀውን እኔን ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ። ሲበቃው ተነስ ሳልለው ተነሳ። ፖስታውን እንደታሸገ ኮቱ ኪስ ከቶ ወደ ቤት ተመለስን።

ባለፈው እሑድ ሊቀመንበሩ ክንፍ አውጥቶ ቪዲዮውን ይዞ መጣ። ግድግዳው ላይ ተለቅቆ ሁላችንም እናያለን። አንበሳው ሲያዛጋ፣ እሜቴ ስታዛጋ፣ ፊኛው፣ ገንዳው። መሃል ላይ በሩ ለዓይን እልፍ ሲል የአንድ ሽማግሌ ክንድና ኮፍያ ታየ። አባባ ቀስ ብሎ ይሄ በር የከፈተው ሰውዬ ጎበዝ ነው፣ አላስጠበቃችሁም አለ። ሊቀመንበሩ አዎ፣ ደግሞም ጉርሻ ሰጥተነዋል፣ በፖስታ አለ። አባባ አውቃለሁ፣ ደርሶታል አለው። እሜቴ ሻይዋን አፏ ሳታደርስ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን የአባባን ኮፍያ አየች፣ ወንድምሽ ግን ምንም ሳይገባው ለከርሞ የባሕር ዳርቻ ሐሳብ እንዳለ፣ ለአንቺም መዋጮ እንደሚጻፍልሽ ተናገረ። ሲጽፍልሽ መልሱን አንቺ ታውቂያለሽ።

እነሱ ሲሄዱ አባባ ፖስታውን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሰጠኝ። አልከፈተውም። ለታናሽሽ ላኪላት፣ ካዋጣችው የተረፈው ይኸው ነው በያት አለኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ፤ ጽሕፈቱን ስታዪው የማን እንደሆነ አይጠፋሽም። እኔም አልከፈትኩትም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ለባለቤትሽ ብዙ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ሌሊት ሲነዳ እንዳያንቀላፋ ንገሪው። ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ቀሚሷን እየሰፋሁላት ነው፣ ካኪ አይደለም። ጎረቤትሽን ወገብሽን ስላሸችልሽ አመስግኚልኝ። አባባ ደግሞ እንዲህ ብሏል፦ ገንዘብ አትላኪ፣ ዓይኔ ሳይደክም ራስሽ ነይ። በሩን እኔ እከፍትልሻለሁ፣ ጉርሻም አልጠይቅሽም።

የምትወድሽ እህትሽ

ከአባባ ቤት፣ ከበረንዳው
የካቲት ፲፩ ቀን