አልጋሽን ስለያዘችው ፍየል

ሸዋ ሮቢት፣ 1930 ዓ.ም.

ለማልጠግብሽ የልጄ ልጅ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። የኤደን ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የሮቢት ትንኝም ደህና ናት።

አሁን የምነግርሽን ተቀምጠሽ ስሚ። ካለፈው ጁምዓ ጀምሮ ቀይዋ ፍየል በጠፍር አልጋሽ ላይ ነግሣለች። እዚያው ወልዳ፣ ግልገሎቿ ጠፍሩን እያኘኩ ነው። ሽማግሌ ብልክባትም አልወርድም አለች። እንግዲህ «ፈራሁ፣ መርከቡን ትቼ ልመለስ» ብለሽ የጻፍሽውን ተይው፤ ማደሪያ የለሽም።

ደግሞ «ባሌ ባለበት በእንግሊዝ አገር ማን ሰው ይለኛል?» ብለሻል። የባልሽ የአብዱረዛቅ አባት ከየመን ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ሲገባ አንድ ጥቅል አቡጀዴ ብቻ ነበረው። አማርኛው ያስቀን ነበር፤ ከሳቂዎቹም ዋናው እኔ ነበርኩ። ውሎ አድሮ ግን ሠርጉም ለቅሶውም ያለ እሱ የማይሆን ሆነ። ልጁም የአባቱ ልጅ ነው። እሱና የየመን ጓደኞቹ በመርከብ ሆድ ውስጥ ከሰል እየማገዱ እንግሊዝ ወደብ ደረሱ። የሚያሳድራቸው ሲጠፋ ራሳቸው ቤት ተከራይተው ለሚመጣው ወገናቸው በር ከፈቱ። ዛሬ የዚያ ቤት ጌታ ባልሽ ነው፤ እመቤቷ ደግሞ እኔ ያሳደግኳት ልትሆን! ይህን ሳስብ ጥምጣሜ ይጠበኛል።

ሰሞኑን አንድ የጣሊያን ሹም በየደጁ እየዞረ የቤቱን ሰው ሲጠይቅ እኔም ዘንድ መጣ። ልጅቷ የት ሄደች አለኝ በአስተርጓሚ። ነጮች አገር ልትኖር አልኩት። በማን ፈቃድ ቢለኝ፣ «እናንተስ በማን ፈቃድ መጣችሁ በልልኝ» አልኩት አስተርጓሚውን። አስተርጓሚው ላቡን ጠርጎ ምን እንዳለው እንጃ፣ ሹሙ ሲጋራ ሰጠኝ! አየሽ፣ እነሱ ሳይጠሩ በመድፍ መጡ፤ አንቺን ግን ባልሽ ጠርቶሻል። ቀና ብለሽ ግቢ።

አላህ ባሕሩን ያለዝብልሽ፤ ቤታችሁን በልጅ ይሙላው። ወንድ ከሆነ በስሜ እንዳትጠሩት፣ ለዓለም አንድ እኔ ይበቃል።

የማያረጀው አያትሽ

ሳላሽገው አንድ ነገር፦ የጣሊያኑ ወሬ እውነት ነው። የፍየሏን ግን ፈጥሬው ነው፤ እሷ በረቷ ውስጥ ናት። አልጋሽ ላይ ማንም አልወጣም። ጠፍሩ ረገብ ብሎ ስላየሁት ትናንት እኔው ሳጠብቀው ዋልኩ።

አንቺ ግን ሂጂ።