እርጥብ ሣር ለተሻገሩት ርዕሰ መምህራችን

ለተከበሩትና ለሚፈሩት አቶ ሸዋንዳኝ፣
የሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? ከደጋ ወርደው የሲቀላን ፀሐይ ገና አልለመዱትም ሲሉ ሰምቼ በጣም አዝኛለሁና፣ ፈጣሪ ቢሮዎን ያቀዝቅዝልዎ፣ ማራገቢያዎን መብራት አይንሳብዎ፣ ወንበርዎንም ያጽናልዎ። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆነው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ትንሽ ልጅ ስለሆነ ብዙ ቦታ አይዝም።

ማዕዶት ኤርጫፎ እባላለሁ። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ የላንቴ ሙዝ የምሸጠው፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በስምምነት የተለያየሁት፣ እርስዎ ባለፉ ቁጥር ከመጠን በላይ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳው እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሰፈሩ ሱቅ ግድግዳና በባጃጆች ጀርባ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባነው ማመልከቻ ቢሮዎ ሳይደርስ መንገድ ስለጠፋበት፣ ባጃጅ መንገድ ያውቃል ብዬ ነው።

ጉዳዩ የእህቴ የሃና ልጅ የኢያኤል ነው። እናቱ ሐዋሳ ለሥራ ስለሄደች የሚያሳድገው አያቱ፣ ማለትም አባቴ አቶ ኤርጫፎ ነው። ኢያኤል ስድስት ዓመቱ ነው፤ በአፉ አይናገርም፤ ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ብሎናል። ጩኸት ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይወዛወዛል። ያገኘውን ሁሉ፣ የለስላሳ ቆርኪ በሉት፣ የሙዝ ልጣጭ በሉት፣ የእንግዳ ጫማ በሉት፣ በመስመር ይደረድራል። በዜሮ ክፍል ከመምህርት መነን ዘንድ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጠመኔ እየደረደረ ይውል ነበር። ባለፈው ማክሰኞ እርስዎ ይረብሻል ብለው ከክፍል አገዱት፤ የፊታችን ሰኞ ደግሞ ጨርሶ ይሰናበት እንደሆነ በኮሚቴ ይወሰናል ተብሏል። ከዚያ በፊት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ደወሉ አመሰግናለሁ። በዜሮ ክፍል መስኮት ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ እኔን እንኳ ከአስፋልቱ ማዶ ሙዜን ያስጥለኛል። መምህርት መነን ትንሽ ራቅ ተደርጎ ይሰቀል ብላ ብትለምንዎ፣ ለአንድ ልጅ ብለን ትምህርት ቤት አናዛውርም ብለው መለሱላት። እሷ የለመነችው ቸርኬው እንዲዛወር ነበር፤ ነገር ግን ትልቅ ሰው ሲመልስ አሳንሶ አይመልስም። እንግዲህ ከእርስዎ የተማርኩት ይህ ነው፦ ቸርኬ ሲጮህ ሥርዓት ይባላል፣ ኢያኤል ሲጮህ ረብሻ ይባላል።

ሁለተኛ፣ በንግግር ሕክምና ባለሙያ ታክሞ መሻሻሉን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያምጣ ብለው ከወራት በፊት ስላዘዙ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት ነበር፤ ባለሙያው የት እንዳለ የሚያውቁ መስሎት። ሐኪማችን እንዲህ ያለ ባለሙያ እዚህ የለም፣ አዲስ አበባ ውሰዱት አለን፤ አባቴም ወሰደው። እዚያ ደግሞ ብዙ ልጆች ይጠብቃሉ፣ ተራችሁ ሲደርስ እንደውላለን አሉት። ከዚያ ወዲህ አባቴ ስልኩን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አያጠፋም። አንድ እሑድ በቅዳሴ መካከል ጮኸበትና ዲያቆኑ እየገላመጠው፣ ተራችን ደረሰ ብሎ እየሮጠ ወጣ። የደወልኩት እኔ ነበርኩ፣ ቁልፉን የት አስቀመጥከው ልለው። ቀልድ ያልመጣልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እስከዚያው ባለሙያዎቹ እኔና አባቴ ነን፤ እግዚአብሔር ያሳይዎት። ሐኪሙ ስዕል እያሳያችሁ አግባቡት ስላለን፣ ከብስኩት ካርቶን ቆርጬ ውኃ ሣልኩ፣ ሙዝ ሣልኩ፣ ሽንት ቤት ሣልኩ፣ ፍራሽ ሣልኩ። ለ«እምቢ» የሚሆን ስዕል ግን አጣሁ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ የእርስዎን ፊት ከነመነጽርዎ ሣልኩት። ሳላስፈቅድዎ ነውና ይቅርታ፤ ነገር ግን ልጁ በአንድ ቀን ገባው። ገላህን ታጠብ ሲባል እርስዎን ያነሳል። ጎረቤት ጉንጩን ልትስም ስትመጣ እርስዎን ያነሳል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያለቅስ ምን እንደፈለገ ሳናውቅ ኖረን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የልቡን የነገረን በእርስዎ ፊት ነው። ይሄኛው ምስጋና ቀልድ የለበትም።

ሦስተኛ፣ ስለ አስፋልቱ። ታግደሃል የሚለውን በምን ስዕል እንደምነግረው ስላላወቅሁ አልነገርኩትም። ደወሉን ይጠላዋል፤ ግን ሲሰማው የትምህርት ሰዓት መሆኑን ያውቃል። ረቡዕ ጠዋት ቸርኬው ሲመታ ቦርሳውን አንግቶ፣ ሁለት ጆሮውን በእጁ ይዞ ከቤት ወጣ። እኔ ሙዝ እያነሳሁ ነበር። ያየሁት መሀል አስፋልት ላይ ሲደርስ ነው፤ ከላንቴ በኩል ደግሞ ሙዝ የጫነ አይሱዙ እየመጣ ነበር። ፍሬኑ ሲያፏጭ የሰማሁትን ድምፅ ለእርስዎ አልመኝም። ሹፌሩ ወርዶ ሰደበኝ። ኢያኤል ግን ተሻግሮ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። በሩ በትእዛዝዎ ተዘግቶበታል። እስኪከፈትለት ቆመ።

አራተኛ፣ ስለ ሣሩ።

አባቴ የኦቾሎ መንደር ሰው ነው፤ ሽማግሌ ነው። በጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩ ዱላ ያነሳ ዱላውን ይጥላል፣ ደም የተቃባ እንኳ ይመለሳል። ያንን ሣር የሚሻገር ሰው የለም። አባቴ ለሰው ጠብ ስንት ጊዜ ተንበርክኳል፤ ለራሱ ጉዳይ ግን አድርጎት አያውቅም። ሐሙስ ዕለት ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሣር አጭዶ፣ ኢያኤልን በእጁ ይዞ፣ እኔን አስከትሎ በርዎ ላይ ተንበረከከ። ጥበቃው ሀይሌ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ኧረ ጋሼ ኤርጫፎ ይነሡልኝ፣ እኔን አያስጨንቁኝ እያለ ሲለምን፣ እርስዎ ወጡና እንዲህ አሉ፦ «አባት፣ ለትምህርት ቤቱ ገቢ ማስገኛ በጎች ከሆነ በጓሮ በኩል ያስገቡት።»

ደግነትዎን ለበጎቹ ነግሬልዎታለሁ።

አባቴ ስለ ልጁ ነው የመጣሁት ቢልዎ፣ ሰኞ ይወሰናል ብለው ወደ ውጭ ለመሄድ ቸኮሉ። አባቴ ሣሩን መሬት ላይ አኖረው። ኢያኤል ቁጭ አለና አንድ በአንድ እያነሳ ከአንዱ የበር ምሰሶ እስከ ሌላው ደረደረው። ሀይሌ ባለበት ደርቆ ቀረ። መምህርት መነን ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ መጥታ ቆመች። ቡና የምታመላልሰው ሴት እንኳ ጀበናዋን መሬት አስቀመጠች። እርስዎ ተሻገሩ። አንድ ሣር ጫማዎ ላይ ተጣብቆ አብሮዎት ሄደ። ሁላችንም ኢያኤል ይጮሃል ብለን ጠበቅን፤ አልጮኸም። ክፍተቱን በሌላ ሣር ሞላና እንደገና ተቀመጠ።

እኔ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ለእርስዎ የሚሆን ስድብ ስመርጥ ነበር፤ ጥሩ ጥሩ አግኝቼም ነበር። አባቴ ግን፣ «አላወቀም፤ ያላወቀ ሰው ይነገረዋል እንጂ አይሰደብም» አለኝ። ስለዚህ ይኸው ነገርኩዎ። አሁን ያውቃሉ፤ ከእንግዲህ አላወቅሁም የሚለው ምክንያት አይሠራልዎትም።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። ቸርኬው ወደ ሰንደቅ ዓላማው በኩል ይሰቀል፤ ኢያኤል ከመምህርት መነን ዘንድ በሩ አጠገብ ወዳለው ቦታው ይመለስ፤ በከተማው የሌለ ባለሙያ የሚጽፈው ወረቀት አይጠየቅ። ባለሙያ ከመጣ ደግሞ ልጁን ተሸክሜ ቀድሜ የምሰለፈው እኔ ነኝ።

የኮሚቴውን ጥበብ የእርስዎንም ጤና ከልቤ እየተመኘሁ፣ በአክብሮት ዝቅ ብዬ፣ ከዚህ በላይ ዝቅ ማለት የሚቻል ከሆነ ሰኞ ከአባቴ ተምሬ እጨምርበታለሁ ስል፣

ተማሪዎ ብሆን ኖሮ ያባርሩኝ የነበረው፣
ማዕዶት ኤርጫፎ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ጠዋት አባቴ ብቻውን አይመጣም፤ ከኦቾሎ ሌሎች ሽማግሌዎችም ይወርዳሉ። ሣሩን የሚደረድረው ኢያኤል ነው፤ እጁ ቀጥ ያለ ነው። ሀይሌም፣ መምህራኑም፣ የኮሚቴው አባላትም የዚሁ አገር ሰዎች ስለሆኑ ሣሩን ሳይሻገሩ ከወዲህ ይቆማሉ። እርስዎ እንደለመዱት መሻገር ይችላሉ፤ ደወሉን ግን ራስዎ ይመታሉ፣ ስብሰባውንም ከማራገቢያዎ ጋር ያደርጉታል።

ደግሞ፣ «እምቢ» የሚለው ካርቶን ከመነሳት ብዛት ጠርዙ አልቋል። ለ«እሺ» የሚሆነውን ቆርጬ ባዶውን አስቀምጫለሁ፤ የሚሣልበት ፊት እስካሁን አላገኘሁም። ሰኞ እርሳሴን ይዤ በሩ ላይ ነኝ። እርስዎ ፊትዎን ይዘው ይምጡ።