ሳይዘረፍ ስለቀረው ሲሊንደር

ሚያዝያ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.
ሀብሩ፣ ግራና ገበያ

ለተከበሩ የጤና ኃላፊያችን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በክብር የተሰጠኝን የምስጋና ወረቀት በክብር ስለ መመለስ

የተከበሩ ሆይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የመሥሪያ ቤትዎ መኪና እንደምን ሰነበታችሁ? አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ከአካልዎም ሁሉ አስቀድሞ ሳንባዎን ይጠብቅልዎ፤ በእርስዎ ሥር ባለው አገር ሳንባ ሲታመም ወዴት እንደሚኬድ የሚያውቅ ሰው እያነሰ ነውና። ስምዎንና የመሥሪያ ቤትዎን ስም ያልጻፍኩት ደብዳቤው በገበያ ቀን ሱቄ በር ላይ ስለሚለጠፍ ነው፤ የሚያውቅዎ ያውቅዎታል።

እኔ ዓሪፍ ኑርሁሴን እባላለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድና ማር ስሸጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የዕለት የዕለቱን በደብተር የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ከዚያው የተገለበጡ ናቸው። ጊዜው ረመዳን በመሆኑም በጾም አፌ እንዳልዋሽ እጠነቀቃለሁ፤ እርስዎ ዘንድ ይህ ችግር እንደማይኖር እገምታለሁ።

ባለፈው ወር ወልድያ አዳራሽ ውስጥ በእጅዎ የሰጡኝ ወረቀት «በጦርነቱ ወራት ኅብረተሰቡን በሀገር በቀል መድኃኒት ከሳንባ በሽታ በመታደግ፣ አንድም ሞት ሳይመዘገብ» ይላል። በወርቅማ ፍሬም የተከበበ ነው። በዚያው ሳምንት የጤና ጣቢያችን ነርስ ነሲባም ከእርስዎ ወረቀት ደርሷታል፤ የእርሷ ግን ፍሬም የለውም። አንድ የኦክስጂን ሲሊንደር ያለ ሞዴል 22፣ ማለትም ያለ ንብረት ማውጫ ቅጽ፣ ከመጋዘን አውጥታለች ተብሎ ሚያዝያ 11 ቀን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ እንድትቀርብ፣ ጥፋተኛ ከሆነችም ከሥራ እንደምትሰናበት ይገልጻል። ቅሬታዬ ከእነዚህ ሁለት ወረቀቶች የሚነሳ ነው።

አንደኛ፦ ሲሊንደሩ ያለ ሞዴል 22 መውጣቱ ፍጹም እውነት ነው። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ከወልድያ ወደ እኛ ሲወርድ፣ ቅጹን የሚፈርሙት የንብረት ኃላፊ ከእርስዎ ጋር በአንድ መኪና ደሴ ገብተው ነበር። ነሲባ ግን ምጥ የያዛት ሴት በእጇ ስለነበረች ቀረች። በማግስቱ ታጣቂዎች መጥተው የጤና ጣቢያውን ሁለት ክፍል ጭነው ሄዱ፤ ለሦስተኛው ነገ እንመለሳለን አሉ። የመጨረሻው ሙሉ ሲሊንደር ሦስተኛው ክፍል፣ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ነሲባ ወደ ሱቄ መጥታ፣ «ጋሼ ዓሪፍ፣ ክብደቱ የአንድ ሰው ነው፤ አራት ወንድ ይፈልጉልኝ» አለችኝ።

የአንድ ሰው ክብደት ካለው እንደ ሰው ይውጣ ብለን፣ በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለን፣ በመስጊዱ ቃሬዛ ላይ አስተኝተን በጠራራ ፀሐይ ተሸከምነው። የተሸከምነው እኔ፣ ታላቅ ወንድሜ አብዱልሐሊም፣ ጎረቤቶቻችን ወልዴና ገበየሁ ነበርን። መንገድ ላይ የቆሙት ታጣቂዎች ኮፍያቸውን አውልቀው አሳለፉን። አንደኛው «ማን ነው የሞተው?» ቢል ወንድሜ «የሁላችንም ዘመድ ነው» አለው። ጀናዛ ተሸክሞ የማያውቀው ገበየሁ ብረቱ ቃሬዛውን በመታ ቁጥር «ቀስ በሉ እባካችሁ፣ ሬሳው ሊጮኽ ነው» እያለ ሲያንሾካሹክ፣ ወልዴ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሲሊንደሩ ሱቄ ጓዳ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ተቀበረ። ኮሚቴው ምስክር ቢፈልግ ከአራታችን ሦስታችን እንቀርባለን፤ አራተኛው በተራ ቁጥር ሦስት ይገኛል።

ሁለተኛ፦ ዝንጅብልን በተመለከተ። መስከረም ላይ ሳል ገባ። ኮቪድ ይሁን ሌላ የሚመረምር ስላልነበረ በደብተሬ «ሳሉ» ብቻ ብዬዋለሁ። መንገድ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ፣ አገሩ ሁሉ ወደ እኔ ሱቅ መጣ። ነሲባም መጣችና፣ «ሰዉ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት አንቱ ዘንድ ነው የሚደርሰው፤ ከመሸጥዎ በፊት ሰዓት ይዘው ትንፋሹን ይቁጠሩልኝ፤ በደቂቃ ከሠላሳ ካለፈ አይሽጡለት፣ ወደ እኔ ይላኩት» አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ገዢ መልሼ የማላውቅ ሰው፣ ያን ጊዜ የሰው ደረት እያየሁ መመለስ ጀመርኩ። ወይዘሮ ማሚቴ ለምሳሌ፣ «አንተ ዓሪፍ፣ ትናንት ሽንኩርት ሻጭ አልነበርክ? መቼ ነው ደሞ ዶክተር የሆንከው!» ብለው አዋርደውኛል። ትንፋሻቸው ሠላሳ ስድስት ነበር። ወደ ነሲባ ሂዱ ብላቸው ቤታቸው ገብተው፣ በዳማከሴና በባሕር ዛፍ ቅጠል ውሃ ጋቢ ተከናንበው ታጠኑ። ልጃቸው አለሚቱ ጋቢውን ብትገልጠው ከንፈራቸው ጠቁሯል። ከዚያ በኋላ ሱቄ ጓዳ ውስጥ ሁለት ቀን በዚያ ሲሊንደር ተነፈሱ፤ ዳኑም።

የእርስዎ መረጃ ሰብሳቢ ጥር ላይ መጥቶ በምን እንደዳኑ ሲጠይቃቸው «በዳማከሴ» አሉት። እርሳቸውን አልወቅስም። ዳማከሴውን በእጃቸው ቀጥፈውታል፣ አሽትተውታል፤ ኦክስጂን አይታይም፣ አይሸትም። የምወቅሰው ጥያቄውን ጠይቆ ነርሷን ሳይጠይቅ የተመለሰውን ነው። የምሸጠውን ዕቃ አልሰድብም፤ ዝንጅብልና ማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ሌሊት ያስተኛል። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ግን የሚያደርግለት ነገር ቢኖር ወደ ነርስ የሚሄድበትን ሰዓት መብላት ነው።

ሦስተኛ፦ «አንድም ሞት» ስለሚለው ሐረግ። በደብተሬ ያሉት ሰባት ናቸው። ስድስቱን ቤተሰቦቻቸው ይናገሩላቸው፤ ስለ ሰባተኛው እኔ ልናገር። ወንድሜ አብዱልሐሊም ጥቅምት 20 ቀን ማሳል ጀመረ። የገበያተኛውን ሁሉ ትንፋሽ ስቆጥር የወንድሜን አልቆጠርኩም። ጥቁር አዝሙድ በማር እየለወስኩ ሰጠሁት፤ ጣፋጭ ይወድ ስለነበር ሲበላ ፊቱ ይፈካል፣ ፊቱ ሲፈካ የተሻለው መሰለኝ። በአራተኛው ቀን ብቆጥር አርባ ሁለት ሆነ። ነሲባ እየሮጠች መጣች፣ ሲሊንደሩን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ከአንድ ቀን በፊት ለይላ በምትባል አራስ ላይ አልቆ ነበር። ለይላ ዛሬ ልጇን ታጠባለች። ወንድሜ ጥቅምት 24 ቀን ጠዋት በዚያው ቃሬዛ ሄደ። ሦስቱን ቀን ያባከንኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ለእርስዎም ለሕዝቡም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ወረቀትዎ ግን ለዚህ ጥፋቴ አመስግኖኛል።

አራተኛ፦ ኮሚቴው ለነሲባ ስላቀረበላት ደግነት። ከጤና ጣቢያው የጠፋው ሁሉ፣ አልጋው፣ ማይክሮስኮፑ፣ የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር፣ «ተዘርፏል» ተብሎ በአንድ ማኅተም ተዘግቷል። ተኩስ ከመሰማቱ ሁለት ቀን በፊት ወደ ደቡብ ሲጫን በዓይኔ ያየሁት ጄኔሬተርም «ተዘርፏል» ከሚሉት መካከል ነው። ማንም አልተጠየቀም። የተጠየቀችው ከዝርፊያ ያዳነችው ብቻ ናት። አሁንም ሲሊንደሩ ተዘርፏል፣ ሕመምተኞቹም በባህል መድኃኒት ድነዋል ብላ ብትፈርም ፋይሉ እንደሚዘጋላት ተነግሯታል። እርሷም «ተዘርፎ ከሆነ እነ ማሚቴን በምን አስተነፈስኳቸው?» ብላ መልሳለች። ጥያቄዋ በቃለ ጉባኤው እንዳልሰፈረ ሰምቻለሁ፤ የቦታ ጥበት ይሆናል።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ሆይ፣ በሽሽትዎ ወቅት የሲሊንደሩን መጋዘን ሳይቆልፉ ስለሄዱልን እናመሰግናለን፤ ቢቆልፉት ኖሮ በዚያ ሲሊንደር የተነፈሱት አምስት ሰዎች አይተርፉም ነበር። ከእኛ ቀድመው ስለተፈናቀሉ፣ ከእኛም ዘግይተው ስለተመለሱ፣ ሲመለሱም የጎደለውን መቁጠር ከሰው ሳይሆን ከቅጽ ስለጀመሩ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። በነሲባ ላይ የተከፈተው ክስ ይነሳ፤ ባዶው ሲሊንደርም ይሞላ። ሲሊንደሩ ሱቄ ጓዳ አለ፤ የሚረከበኝ ሰው ሞዴል 19ኙን፣ ማለትም የንብረት ገቢ ቅጹን፣ ይዞ ቢመጣ አስፈርሜ አስረክባለሁ።

የማያውቁትን ሰው ለማመስገን ለማይደክሙት ክቡርነትዎ ጥልቅ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ፍሬሙን ሳልሰብር፣ መስታወቱን ወልውዬ፣ ወረቀቱን ከዚህ ጋር መልሻለሁ።

ሽንኩርትና ዝንጅብል ነጋዴው
ዓሪፍ ኑርሁሴን

ማስታወሻ፦ ሚያዝያ 10። ለነገው ኮሚቴ የያዙትን አዳራሽ ለሌላ ስብሰባ ይጠቀሙበት። ነሲባ አልፈረመችም፤ ሥራ መልቀቂያዋን ጽፋ ዛሬ ጠዋት በወልድያ ሚኒባስ ሄዳለች። የጤና ጣቢያውን ቁልፍ የሚረከባት ስላጣች ለእኔ ሰጠችኝ። እኩለ ቀን ሳይደርስ አንድ ሰው እናቱን አዝሎ መጣ፤ በሩን ከፍቼ አስገባኋቸው፤ ውስጥ ግን ማንም የለም። «እሺ፣ ባጃጅ እስኪገኝ ዝንጅብል እንኳ ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ወረቀትዎ ውሸት ነው ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ እውነት ሆኗል። የሴትዮዋ ትንፋሽ አርባ አራት ነበር፤ ቁጥሩን ለማን እንደምናገር ቢጽፉልኝ።