የሞላ የውሃ ተራ

ጥር 24፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30
ፓምፕ ቤት ነኝ። የሞተሩን ዘይት አየሁ። ሳጥኑን በጨርቅ ጠረግሁ፤ መብራቱ አረንጓዴ ነው። ሞተሩን ከገበሬው ስልክ ጋር በአየር የሚያገናኘው፣ በስልክ የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ይህ ሳጥን ነው። የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስተማረኝም። ዛሬ ውሃው የገበሬዋ የዘሐራ ተራ ነው።

ልጄ ሃና ከዋጃ ደወለች። ስልክ ጠጋኝ ናት። የሳጥኑ ፈርምዌር፣ ማለት የውስጥ ፕሮግራሙ፣ ቀዳዳ ተገኝቶበታል አለች። ሠሪዎቹ መድፈኛውን አውጥተዋል፣ ጫንበት አለችኝ። ስትነግረኝ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። እምቢ አልኩ። የሚሠራ ዕቃ አይነካም። የፊተኛውን ሳጥን እንዲሁ ስጭንበት መብራት ሄደና ሞተ። ሬሳው እዚሁ ምስማር ላይ አለ።

ከሰ. 9፡00
ሞተሩ ቆመ። መብራት ግን አልጠፋም። እንደገና አስነሳሁት፤ እንደገና ቆመ። የዘሐራ ሽንኩርት ግማሹ ሳይጠጣ መሸ።

ጥር 25፣ ማክሰኞ
ስምንታችንም ባለተራዎች የውሃው ጉድጓድ ዘንድ ተሰበሰብን። የሳጥኑ ይለፍ ቃል ፓምፕ ቤቱ በር ላይ በቀለም ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሃ የጋራ ነው፣ ከጋራ ነገር ላይ ቁልፍ ማኖር ነውር ነው ብዬ። ስለዚህ ማንም ሊያጠፋው ይችላል። ዘሐራ ሞላን ጠረጠረች። ማሳቸው ይዋሰናል፤ ዓምና በወሰን ተጣልተዋል። ሞላ ማለ። አልሰማሁትም። የውሃ አባት ነኝ፤ ተራ የምደለድል እኔ ነኝ። የሐሙስ ተራውን ነጥቄ ለዘሐራ ሰጠሁ። የይለፍ ቃሉን ለወጥኩ። አሁን ከእኔ ጭንቅላት በቀር የትም የለም።

ጥር 27፣ ሐሙስ፣ ቀን 6፡00
ደብተሬ፣ ሞተሩ ዛሬም ቆመ። ሁለት ጊዜ።
ሞላ ከማሳው ዳር ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። «አያ ታደሰ፣ ዛሬስ በምኔ አጠፋሁት? በዓይኔ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘሐራም ሳቀች፤ ኋላ አንገቷን ደፋች። እኔ አልሳቅሁም።

ከሰ. 11፡00
የሳጥኑን ገጽ በስልክ ከፈትኩ። እኔ ያልፈጠርኩት የተጠቃሚ ስም ተመዝግቧል። ከሳጥኑ ወደ ውጭ፣ ወደ ኢንተርኔት የሚወስድ በር ተከፍቷል። ሰኞ የሞላሁት የወር ዳታ አልቋል። ስሙን ሰረዝኩ። አዲስ ይለፍ ቃል፣ ረጅም።

ጥር 28፣ ዓርብ፣ ጠዋት 1፡00
ያ ስም ተመልሷል።
ለሃና ደወልኩ። እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ አንተ የበሩን ቁልፍ ትለውጣለህ፤ ሌባው የሚገባው በግድግዳው ቀዳዳ ነው።» ሽንኩርት አይቶ የማያውቅ የሩቅ ሰው ሳጥኑን ለራሱ ሥራ እየነዳው ነው። ሳጥኑ ሲጨናነቅ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፤ ሞተሩ አብሮት ይወድቃል።
ሞላ አልነካውም። ማንም አልነካውም።
በሞላ ማሳ በኩል ተመለስኩ። የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። ሥሩ የሚወፍርበት ሳምንት ነው። ለስምንት ሰው ቀን በቀን ይዞራልና የሚቀጥለው ተራው ገና የሚመጣው ዓርብ ነው፤ እስከዚያ አይቆይለትም።

ጥር 29፣ ቅዳሜ
ሃና መጣች። መጀመሪያ ሲም ካርዱን አወጣን። መድፈኛውን ከራሳቸው ከሠሪዎቹ ገጽ በስልኳ አምጥታለች። ከሳጥኑ ሆድ ላይ ያለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፤ የሌላ ሳጥን መድፈኛ ይገድለዋል አለች። ከባጃጅ ባትሪ ተውሳ ሳጥኑን በሱ አስነሳችው። መጫን ጀመርን። ግማሽ ሳይደርስ መብራት ሄደ። ቤቱ ጨለመ። የሳጥኑ መብራት ግን አረንጓዴ ነው። ቀና ብላ ምስማሩ ላይ ያለውን አየች። «ያኛውንም ባትሪ ያድነው ነበር» አለች። 
አለቀ። ወደ ውጭ የሚወስደውን በር ዘጋን። ለእያንዳንዱ ገበሬ የየራሱ ይለፍ ቃል። ፓምፕ ቤቱ በር ላይ የጻፍኩትን በጥቁር ቀለም ደፈንኩት። ሲም ካርዱን መለስን።

ጥር 30፣ እሑድ፣ ከሰ. 10፡00
ያ ስም አልተመለሰም። ሞተሩ ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አልቆመም። በየወሩ መጀመሪያ የሠሪዎቹን ገጽ አያለሁ፤ ደብተሬ፣ እዚህ ጽፌዋለሁ።

የቀረው ከሳጥኑ ይከብዳል። ሃና ለሞላ ለብቻው ንገረውና ይብቃ ትላለች። አይሆንም። የወነጀልኩት በሰው ፊት ነው። ነገ ተራው የእኔ ነው፤ ሁሉም ቦይ ሊጠርግ ይመጣል። ሞላ አላጠፋውም፣ ቀዳዳውን እያወቅሁ ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ተራዬ ለሞላ። የኔ ሽንኩርት ይጠማ።

አሁን ልደውልለት ነው። ንጋት 12 ሰዓት አካፋህን ይዘህ ና፣ ይህን ብቻ። ሌላውን ሰው ሁሉ ባለበት እነግረዋለሁ።